ሕክምናና ወንጌል በገጠር ኢትዮጵያ፦ ከሳዮ እስከ ቦሩ ሜዳ

የወንጌል ሥርጭት ዕቅድ ወይም ሪፖርት ጽፋችሁ የምታውቁ ከሆነ «ሕክምና የወንጌል በር ከፋች ነው» የምትለውን ዓረፍተ ነገር ሳታውቋት አትቀሩም። ምናልባትም ራሳችሁ ጽፋችኋት ይሆናል። ለለጋሾች በሚቀርብ የፕሮጀክት ሐሳብ፣ በአጥቢያ ሽማግሌዎች ስብሰባ፣ በነገረ መለኮት ትምህርት ቤቶቻችን የሚሲዮን ክፍለ ጊዜ ሳይቀር እንደ ታወቀ ነገር ትነገራለች። ሐሳቡ ቀላል ነው። መንደርተኛው የታመመ ልጁን ይዞ ይመጣል፤ ልጁ ይድናል፤ የአባትየው ልብ ይለሰልሳል፤ ቃሉን ሰምቶ ያምናል። እንዲህ የሆነባቸው ቤቶች እንዳሉ የሚክድ የለም። ነገር ግን የገዛ አገራችንን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ይዘን ዓረፍተ ነገሯን ስንፈትናት፣ ዋና ዋናዎቹ ቦታዎች ላይ አትጸናልንም። ሐኪሙ በነበረበት ዘመን ቤተ ክርስቲያን ቀስ እያለች አደገች፤ ሐኪሙ በተባረረበት ዘመን በዛች፤ ስብከት በሕግ በተከለከለበት ስፍራ ደግሞ ሐኪሙ ቁስል እያጠበ ለዓመታት ተቀመጠ። ይህን ታሪክ አብረን እንድንመለከተው እፈልጋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሳዮው ሐኪም

በ1918 መጨረሻ ዓለምን ያዳረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ ሕዝቡ «የኅዳር በሽታ» አለው። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» የሚባለው ከዚያ ዘመን ትዝታ ጋር የተያያዘ ነው። በሽታው አዲስ አበባ ላይ አልቆመም፤ ምዕራብ ወለጋንም መታ። የሳዮ ገዢ የነበሩት ደጃዝማች ብሩ ወልደ ገብርኤል ሐኪም ሲፈልጉ፣ ከድንበሩ ማዶ በሱዳን፣ በሶባት ወንዝ ዳር ናስር በተባለ ጣቢያ የሚሠሩ አንድ አሜሪካዊ የፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን ሐኪም መኖራቸው ተሰማ። ዶክተር ቶማስ ላምቢ ይባላሉ። በ1919 ከነቤተሰባቸው ወደ ደጋው ወጥተው ዛሬ ደምቢ ዶሎ በምንለው ስፍራ ሥራ ጀመሩ።

ላምቢ በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሚሲዮን ሰው አልነበሩም። ስዊድናውያን ምጽዋ የደረሱት በ1866 ነው፤ ከአድዋ ጦርነት በኋላም የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች በአዲስ አበባ አክመዋል። ሆኖም ላምቢን ተከትሎ የሚመጣው የሰንሰለት ታሪክ «በር ከፋች» ለሚለው አባባል ዋነኛው ምስክር ሆኖ ስለሚጠቀስ ልንከተለው ይገባል። ከሳዮ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ጎሬ ላይ የኢሉባቦሩ ገዢ ራስ ናደው ጆሮ ውስጥ የገባ ነፍሳት ያወጣሉ። ራስ ናደውም በምስጋና ለአልጋ ወራሹ ለራስ ተፈሪ ደብዳቤ ይጽፉላቸዋል። ራስ ተፈሪ ሐኪሙን ተቀብለው ጉለሌ ላይ የሆስፒታል መሬት ይሰጣሉ፤ ከኦሃዮ የመጣ የአንድ ነጋዴ ገንዘብ ሆስፒታሉን ያቆማል። ላምቢ ግን ከተማ ውስጥ መቀመጥ አልፈለጉም። ወንጌል ያልደረሰበትን ደቡብ ፈልገው የነበሩበትን ሚሲዮን ለቀቁ፤ ከጥቂት ባልንጀሮች ጋር በ1927 ከሱዳን ኢንቲሪየር ሚሽን፣ ሕዝባችን በአጭሩ «ኤስ አይ ኤም» ከሚለው ማኅበር ጋር ተቀላቀሉ። በ1928 በበቅሎ ወደ ደቡብ ሲጓዙ ዕቅዳቸው ጅማ መድረስ ነበር። በመንገድ የሲዳሞ ገዢ ሆነው የተሾሙ መኮንን አገኙ፤ እኚያው የሳዮው ደጃዝማች ብሩ ነበሩ። የዱሮ ወዳጅነት ሥራውን ሠራ፤ ሲዳማ ተከፈተ። ወላይታን ይገዙ የነበሩት ደጃዝማች ይገዙም ተቀበሏቸው፤ ሶዶ አጠገብ ኦቶና በተባለው ስፍራ ጣቢያ ተተከለ። ጅማ በዚያ ጉዞ አልተደረሰባትም።

የጆሮ ነፍሳት፣ ደብዳቤ፣ መሬት፣ የድሮ ወዳጅ። ታሪኩ ደስ ይላል፤ በሚሲዮን መጻሕፍት ውስጥም በደስታ ይተረካል። ነገር ግን ቆም ብላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ የተከፈተው በር የማን በር ነው? በእያንዳንዱ እርምጃ ላይ የተከፈተው የገዢ በር ነው። ሕክምናው የመግቢያ ፈቃድ አስገኘ። በዚያ ዘመን ከገዢ ፈቃድ ውጭ የውጭ አገር ሰው ወደ ገጠር መግባት ስለማይችል ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም። የወላይታ ወይም የሲዳማ ገባር ግን በመሬቱ ላይ የተተከሉት ነጮች በማን ፈቃድ እንደ መጡ ያውቃል። ለእርሱ ሐኪሙ የገዢው እንግዳ ነው። ገባሩ የሚገብርለትን ሰው እንግዳ በምን ዓይን ያይ እንደነበር መገመት አያዳግትም። የገዢ በር መከፈቱን የሕዝብ ልብ መከፈት አድርገን ማንበባችን ይመስለኛል የመጀመሪያው ስሕተት።

ሐኪሙ ያላዳናቸው ሰው

የሳዮ ጣቢያ ዋና ፍሬ ማን ነበር ብትሉ፣ የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የሚያውቅ ሁሉ ቄስ ጊዳዳ ሶለን ይላችኋል። ጊዳዳ በልጅነታቸው ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጠፋው። ወጣት ሳሉ እየለመኑ ይኖሩ ነበር። ወደ ሚሲዮኑ ቀርበው ቃሉን ሰሙ፤ አመኑ፤ ወንጌላዊ ሆኑ። ጣሊያን ሚሲዮናውያኑን ሲያስወጣ ከጥቂት ባልንጀሮቻቸው ጋር መንጋውን ይዘው ቆዩ፤ ቤተ ክርስቲያኒቱን በቄስነት አገለገሉ። የኢትዮጵያ ፕሬዚዳንት የነበሩት ዶክተር ነጋሶ ጊዳዳ ልጃቸው ናቸው።

አሁን ይህን ሕይወት ከዓረፍተ ነገሯ ጋር አስተያዩት። በሕክምና ጣቢያ ያመኑ ሰው ናቸው፤ ነገር ግን ጣቢያው ሊያድናቸው አልቻለም። ፈንጣጣ ያጠፋውን ዓይን የሚመልስ መድኃኒት ያኔም አልነበረም፣ ዛሬም የለም። «ልጁ ይድናል፣ አባትየው ያምናል» የሚለው ሰንሰለት እርሳቸው ዘንድ ከመጀመሪያው ቀለበት ተቆርጧል። ያም ሆኖ ከዚያ ግቢ የወጣው ትልቁ ሰባኪ ዓይነ ስውሩ ለማኝ ሆነ። ይህን ስል ሕክምናው ለጊዳዳ ምንም አልነበረም ማለቴ አይደለም። ዓይነ ስውር ለማኝ ከደጅ የማይባረርበት፣ እንደ ሰው የሚቀመጥበት ስፍራ መኖሩ ራሱ ነገር ነው። ግን ያ ሌላ ነገር ነው፤ ወደ እርሱ እንመለስበታለን።

የክሊኒኩ ደጅ

በ1930ዎቹ አንድ የገጠር ክሊኒክ ምን ነበረው? ፔኒሲሊን ገና አልመጣም። ለወባ ኩዊኒን ነበር፤ ዛሬ ማንኛውንም የሚዋጥ እንክብል «ኪኒን» የምንለው ከእርሱ ወርሰን ነው። ለቂጥኝና ለመሰል ቁስሎች አርሴኒክ ያለበት መርፌ ነበር። ይህ መርፌ ለዓመታት ያልሻረ ቁስልን በጥቂት ሳምንታት ሲያደርቅ ስለሚታይ፣ ሕዝባችን እስከ ዛሬ ከኪኒን ይልቅ በመርፌ የሚያምነው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም። ጥርስ መንቀል፣ እባጭ መብጣት፣ ቁስል አጥቦ ማሰር፣ ምጥ የጠናባትን መርዳት፣ ዓይን ማጠብ። ከዚያ በላይ ያለው ሶዶ ሆስፒታል ድረስ በቃሬዛ የሚሄድ ነው። ተስቦ ሲነሣ ደግሞ ሐኪሙም ከሕዝቡ ብዙ የተሻለ መሣሪያ አልነበረውም።

ጧት ሕሙማን ደጅ ላይ ይሰበሰባሉ። ከሕክምናው በፊት መዝሙር ይዘመራል፣ ቃል ይነገራል፣ ይጸለያል፤ ከዚያ ተራ ይያዛል። ይህ በሚሲዮን ክሊኒኮች ሁሉ የተለመደ ሥርዓት ነበር፤ ብዙዎቻችሁም በልጅነታችሁ አይታችሁት ይሆናል። በጎነቱን አልክድም። ብዙ ሰው የኢየሱስን ስም መጀመሪያ የሰማው እዚያ ተራ ሲጠብቅ ነው። ነገር ግን ትኩሳት የያዘው ልጅ በጀርባዋ ያዘለች እናት ስብከቱ እስኪያልቅ ስትጠብቅ ቃሉን የምትሰማው እንዴት ነው? ከመድኃኒቱ በፊት የሚከፈል ዋጋ አድርጋ ብትወስደው ልንወቅሳት አንችልም። በየመንደሩ ያለው ጠንቋይም ቢሆን መጀመሪያ የሚፈልገው ነገር አለው፤ ዶሮውን አምጪ፣ ይህን አድርጊ፣ ከዚያ ይሻልሻል ይላል። በመንደርተኛዋ ዓይን ሁለቱ ሊመሳሰሉ ይችላሉ። ወንጌል በዚህ መንገድ የጠንቋዩን ቅርጽ ይዞ የመግባቱ አደጋ በሚሲዮን ሪፖርቶች ውስጥ ብዙ አይነሣም፤ መነሣት ነበረበት።

ወላይታ፣ ሐኪም በሌለበት

ወላይታ ላይ ሚሲዮናውያኑ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ሠሩ። የመጀመሪያዎቹ አማኞች የተጠመቁት በ1933 መጨረሻ ነው፤ ጥቂት ነበሩ። ሶዶ ላይ ሆስፒታል ነበር፤ ሐኪም ነበር፤ ነርስ ነበረች። ጣሊያን አገሩን ይዞ በሚያዝያ 1937 የመጨረሻዎቹን ሚሲዮናውያን ከሶዶ ሲያስወጣ የተጠመቁት አማኞች ቁጥር መቶ እንኳ አይሞላም ነበር። በእጃቸው የነበረውም በቋንቋቸው የተተረጎመ ጥቂት የቅዱሳት መጻሕፍት ክፍል ብቻ ነው። ሚሲዮናውያኑ ሲሄዱ ይህች ችግኝ ትጸናለች ብለው በእርግጠኝነት አልሄዱም።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ የአማኞቹ ቁጥር ወደ 10,000 እንደሚጠጋ ተገመተ፤ በየቀበሌው ምእመናኑ ራሳቸው የሠሯቸው የጸሎት ቤቶች ቆመዋል። በእነዚያ ዓመታት ሐኪም የለም፤ ክሊኒክ የለም፤ ከውጭ የሚመጣ አንድ ኪኒን የለም። የነበረው ስደት ነው። የጸሎት ቤቶች ፈርሰዋል፣ መሪዎች ታስረዋል፣ ከእነርሱም አንዱ የሆኑት ዋንዳሮ በሕዝብ ፊት ተገርፈዋል።

ለዚህ እድገት አንድ ምክንያት ብቻ መስጠት ታሪክን ማድኸየት ነው። ከሚሲዮናውያን በፊት በ1920ዎቹ ኤሳ የተባለ ሰው የመናፍስትን አምልኮ ትታችሁ ለሰማይ አምላክ፣ በወላይትኛ ለጦሳ ብቻ ስገዱ እያለ በአካባቢው ሰብኮ ነበር፤ መሬቱን እርሱ አለስልሶት ቆየ። የገባር ሥርዓት በጦርነቱ መናጋቱም የሕዝቡን አእምሮ ለአዲስ ነገር አዘጋጅቷል። የእግዚአብሔር መንፈስ ሥራ ደግሞ በምክንያት ዝርዝር ውስጥ የሚገባ አይደለም። ነገር ግን በምስክሮቹ ትረካ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣ አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ስንቅ ነው። በአገራችን ሥርዓት እስረኛ የሚበላው ዘመዱ ሲያመጣለት ነው። ዘመድ የሌለው ይራባል። የታሰሩት አማኞች ግን ሥጋዊ ዘመድ ካልሆኑ፣ ከሩቅ ቀበሌ ከሚመጡ ሰዎች ምግብ ይቀርብላቸው ነበር፤ ለራሳቸው በቅቶ ላላመኑት እስረኞች እስኪተርፍ። ጎረቤት ይህን አይቶ ተደነቀ። የጎሣ ወሰን ያልያዘው ፍቅር ምንድን ነው ብሎ ጠየቀ።

እንግዲህ ማቴዎስ ምዕራፍ 25ን ክፈቱ። ከዚያ ክፍል አንድ ነገር ሁልጊዜ ያልፈናል። ጌታ ለጻድቃኑ የሚቆጥርላቸው ሕሙማንን መፈወሳቸውን አይደለም፤ መጠየቃቸውን ነው። እስረኞችንም ስለ ማስፈታታቸው አይናገርም፤ ወደ እነርሱ ስለ መምጣታቸው ነው። የወላይታ ምእመናን እስረኛ ማስፈታት አልቻሉም፤ ስንቅ ግን ይዘው ሄዱ። የሳዮ ጣቢያ የጊዳዳን ዓይን መመለስ አልቻለም፤ ጊዳዳን ግን ተቀበለ። ቤተ ክርስቲያን ለመንደሩ የምትሰጠው እዚህ ላይ ነው የተገለጠው። የሐኪሙ መርፌ የዚህ ነገር አንድ መልክ ነው፤ ትልቅ መልክ ነው፤ ግን አንዱ ነው።

የላምቢን መጨረሻ ሳላነሣ ባልፍ ታሪኩ ይጎድላል። በጦርነቱ ጊዜ የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ዋና ጸሐፊ ነበሩ፤ አሜሪካዊነታቸውን ትተውም የኢትዮጵያ ዜግነት ወስደው ነበር። በ1936 አዲስ አበባ ስትያዝ ግን የሚሲዮኑን ሥራ ለማትረፍ ብለው ለጣሊያኖች አደሩ፤ ስለ መርዝ ጋዙ ቀድሞ የሰጡትን ምስክርነት የሚያስተባብል ጽሑፍም ሰጡ። በሰው ሠራዊት ላይ የዘነበውን ጋዝ ያወቁ ሐኪም ነበሩ። ጃንሆይ በእጅጉ አዘኑባቸው። ሚሲዮኑም በዚያ ጽሑፍ አልተረፈም፤ በዓመቱ ተባረረ። ላምቢ ከነጻነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ሥራቸው አልተመለሱም፤ በ1939 ያወጡት መጽሐፍ ርእስ ራሱ «አገር አልባ ሐኪም» የሚል ፍቺ አለው። በፍልስጥኤም ምድር ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ሲያገለግሉ ቆይተው በ1954 አረፉ። ለመፍረድ አልቸኩልም። ነገር ግን በገዢ ወዳጅነት የተከፈተ ሥራ ገዢ ሲለወጥ ምን ዓይነት ፈተና እንደሚመጣበት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ በታሪካችን አላገኘሁም።

መፈወስ የተፈቀደበት፣ መስበክ የተከለከለበት

በነሐሴ 1944 የኢትዮጵያ መንግሥት ስለ ሚሲዮኖች ድንጋጌ አወጣ። አገሩ በሁለት ተከፈለ። «ክፍት» በተባለው አካባቢ ሚሲዮኖች ሃይማኖታቸውን ማስተማር ይችላሉ። «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» በተባለው አካባቢ ግን ሰውን ወደ ራሳቸው እምነት መሳብ ተከለከሉ፤ ፈቃድ ካገኙ ሆስፒታልና የሃይማኖት ልዩነት የማያስተምር ትምህርት ቤት መክፈት ይችላሉ። ስለ ድንጋጌው ብዙ ጊዜ የሚነገረው ምሬት ነው፤ እኔ ግን ሳያስበው ትልቅ የነገረ መለኮት ፈተና ያቀረበ ይመስለኛል። ጥያቄው ይህ ነበር፤ አንድም ሰው ወደ እናንተ ቤተ ክርስቲያን እንደማይመጣ አስቀድማችሁ ብታውቁ ታክማላችሁን?

ሕክምና መንጠቆ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ «አናክምም» መሆን ነበረበት። ዓሣ በሌለበት ኩሬ መንጠቆ የሚጥል የለም። ነገር ግን ሄዱ። ከሄዱባቸው ስፍራዎች አንዱ ወሎ ውስጥ ከደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ነው። ይህ ስም ለነገረ መለኮት ተማሪ አዲስ አይደለም፤ በ1878 ዐፄ ዮሐንስ ሊቃውንቱን ሰብስበው የክርስቶስን ልደት ጉዳይ ያከራከሩትና የወሰኑት እዚያ ነው። ስለ ክርስቶስ ሥጋ በተከራከሩበት ሜዳ፣ ከሰባ ዓመት በላይ ቆይቶ ኤስ አይ ኤም የሥጋ ደዌ ሕሙማን መታከሚያ ከፈተ።

የሥጋ ደዌ ሥራ የተጀመረው ቀደም ብሎ በአዲስ አበባ ነው። ላምቢ በ1930ዎቹ ያቋቋሙት፣ በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተሰየመው ሆስፒታል ያለበት ሰፈር እስከ ዛሬ በዚያው ስም ይጠራል፤ በ1965 አለርት የተቋቋመው በዚያው ስፍራ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ሻሸመኔ ተጨመረ። በእነዚያ የመጀመሪያ ዓመታት የነበረው መድኃኒት ከአንድ የእስያ ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነበር፤ በመርፌ ሲሰጥ እጅግ ያምማል፤ ጥቅሙም አጠራጣሪ ነው። ዳፕሶን የተባለው ኪኒን በስፋት የገባው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው፤ እርሱም ለዓመታት በየቀኑ የሚዋጥ ነው። የዛሬው ጥምር መድኃኒት የተመከረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የእነዚህ ግቢዎች ሥራ በአመዛኙ ማዳን አልነበረም። እግር ማጠብ፣ ቁስል ማሰር፣ የማይሰማ እጅ እሳት እንዳያቃጥለው ማስተማር፣ ከጎማ ጫማ መሥራት፣ ሲሞቱ በክብር መቅበር ነበር።

ለፍትሕ ያህል ልጨምር፤ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ማዘንን ሚሲዮኖች አላመጡልንም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት ጻድቁ ገብረ ክርስቶስ የሥጋ ደዌ ሕሙማንን መልክ ለራሱ የለመነ ቅዱስ ነው፤ ሕሙማኑ ከቤተ ክርስቲያን ደጅና ከጠበል ስፍራ የማይርቁትም በከንቱ አልነበረም። ሚሲዮኑ የጨመረው መዳሰስን ነው፤ ያውም በየቀኑ፣ በሳሙናና በፋሻ።

ሉቃስ 17 ላይ ያሉትን አሥር ለምጻሞች አስቡ። አንዱ ተመልሶ አመሰገነ። ጌታ ዘጠኙ የት አሉ ብሎ ጠየቀ፤ አዘነም። ነገር ግን ከዘጠኙ አንዳቸውንም ወደ ለምጹ አልመለሰም። ጌታ ሲያነጻቸው ማን እንደሚመለስ ሳያውቅ ቀርቶ ነው ካላልን በቀር፣ ዘጠኙ የተፈወሱት ተመልሰው እንዲመጡ ለማግባባት አይደለም። የቦሩ ሜዳ ሥራ የዘጠኙ ሥራ ነው። በሪፖርት ላይ የሚጻፍ ቁጥር የለውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ማርቆስ ምዕራፍ 1ን አትርሱ። ቅፍርናሆም ሁሉ ሕሙማኑን ይዞ ሲፈልገው ጌታ ወደ ሌላው መንደር ሄዶ ለመስበክ ተነሣ። ፈውስ ስብከትን አይተካም። ይህን የምለው መንጠቆውን ስንጥል በተቃራኒው ገደል እንዳንገባ ነው። በ1972 የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ፣ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ዋና ጸሐፊ በነበሩበት ጊዜ፣ ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የላከችው ደብዳቤ የተናገረው ስለዚህ ነበር። ለጋሾች ለክሊኒክና ለትምህርት ቤት ገንዘብ ይልካሉ፤ ለወንጌል ሥርጭት ግን እጃቸው ያጥራል። ቤተ ክርስቲያኒቱ የሰውን ሥጋና ነፍስ የሚለያየውን ይህን አስተሳሰብ አንቀበልም አለች። ልብ በሉ፤ ሕክምናን የስብከት መንጠቆ የሚያደርገውና ሕክምናን ከስብከት የሚነጥለው ሰው በሩቅ የቆሙ ቢመስሉም የሚያምኑት አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱም ሥጋውና ነፍሱ የሁለት ሰው እንደሆኑ ያህል ያስባሉ። ቄስ ጉዲና በ1979 ተገደሉ፤ ደብዳቤው ግን አላረጀም፤ ተማሪዎች ሁሉ ሊያነቡት ይገባል።

ድሬሰሮቹ

ደርግ ከመጣ በኋላ የሚሲዮን ሆስፒታሎች ብዙዎቹ፣ የሶዶውም ጭምር፣ ወደ መንግሥት ተዛወሩ። በወላይታም አብያተ ክርስቲያናቱ በብዛት ተዘጉ። ከሆስፒታሉና ከጸሎት ቤቱ መዘጋት በኋላ በገጠር የቀረው ማን ነበር? ብዙ ጊዜ የቀረው ድሬሰሩ ነው።

ድሬሰር የሚለውን ቃል የዛሬ ወጣት ላያውቀው ይችላል። በሶዶና በሻሸመኔ፣ በሌሎችም የሚሲዮን ሆስፒታሎች ቁስል ማጠብን፣ መርፌ መውጋትን፣ የተለመዱ በሽታዎችን መለየትን ተምሮ ወደ ገጠር ክሊኒክ የሚላክ የአገር ልጅ ነው። የሐኪም ማዕረግ የለውም፤ ደመወዙ ትንሽ ነው። ቋንቋውን ግን ያውቃል፤ ማን የማን ዘመድ እንደሆነ፣ የትኛው ቤት ከየትኛው ቤት ጋር እንደተጣላ ያውቃል፤ ሌሊት ሲጠሩት በዝናብ ይሄዳል። በብዙ አጥቢያዎች ሰንበት ላይ የሚሰብከውም፣ ሽማግሌ ሆኖ የሚያስታርቀውም እርሱው ነበር። በ1964 ቱቢንገን ላይ የተሰበሰቡ የሚሲዮን ሐኪሞችና የነገረ መለኮት ሰዎች የፈውስ አገልግሎት የሆስፒታሉ ሳይሆን የመላው ጉባኤ ነው ብለው ሲደመድሙ፣ ለዓለም አዲስ ነገር ነበር። ድሬሰሩ ላደገበት አጥቢያ ግን አዲስ አልነበረም። የመንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ሲጀመር የተከተለው ሐሳብም ከዚያ ብዙ አይርቅም፤ ከዚያው ቀበሌ የወጣች፣ ለቀበሌዋ የምትተርፍ ሠራተኛ።

በ2005 በሶዶ አዲስ ክርስቲያናዊ ሆስፒታል ተከፍቶ ዛሬም ይሠራል፤ የቀድሞው የኦቶና ሆስፒታልም በዩኒቨርሲቲው ሥር የሐኪሞች ማስተማሪያ ሆኗል። እነዚህ ደስ የሚያሰኙ ናቸው። እናንተ የምታገለግሉት አጥቢያ ግን ምናልባት ከሁለቱም ይርቃል። በዚያ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። በመድረካችሁ ላይ ተጸልዮለት ተፈውሷል ተብሎ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የኤች አይ ቪ መድኃኒቱን ያቆመ ሰው አለን? ያ ሰው ሲብስበት ማፈር ጀምሮ ከጉባኤው ቀርቶ ይሆንን? ማን ሊጠይቀው ሄደ? የመንጠቆው አስተሳሰብ እዚህ ቤት ውስጥ በሌላ መልክ ይኖራል፤ የዳነው ለምስክርነት ወደ መድረክ ይጠራል፤ ያልዳነው ለምንም አይጠራም። ቄስ ጊዳዳ ዛሬ ወደ አንዳንዱ ጉባኤያችን ዓይነ ስውር ሆነው ቢገቡ፣ ያልዳኑበትን ምክንያት ሳይጠየቁ የሚቀመጡበት ወንበር ያገኙ ይሆን?

ለሴሚናሪ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ሥራ አለ። የውጭ አገር ሐኪሞቹ ትዝታቸውን ጽፈዋል፤ መጽሐፎቻቸው በቤተ መጻሕፍት አሉ። የድሬሰሮቹ ታሪክ ግን በአብዛኛው አልተጻፈም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የሠለጠኑት በሕይወት ካሉ ዕድሜያቸው ገፍቷል። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ለምትፈልጉ፣ የአጥቢያችሁን ሽማግሌዎች ጠይቁ፤ የመጀመሪያው ክሊኒክ የት ቆሞ እንደነበር፣ መድኃኒቱ በምን ተጭኖ ይመጣ እንደነበር፣ ከሕክምናው በፊት ማን ይሰብክ እንደነበር፣ ሚሲዮኑ ሲወጣ ቁልፉን ማን እንደተረከበ። ድሬሰሩ ሊያድናቸው ያልቻላቸውን ሰዎች ስም ያስታውስ እንደሆነም ጠይቁ። ከአንድ ሰው ሦስት ቀን ቢወስድባችሁ አትቸኩሉ፤ ድምፁን ቅዱ፤ በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይናገር።